እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል፦ የአህያዋ ዛቻና የኑክሌሩ ቁልፍ

ግቢያችን ተከራይቶ የኖረ አንድ ሰውዬ ነበር። ቤቱን የለቀቀ ቀን አምፖሉን ፈታ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ነቀለ፣ በመጨረሻ ከበሩ ሥር ራሱ የተከለውን ጎመን አንድ በአንድ እየመነገለ ጣለው። ይዞት አልሄደም እኮ! እዚያው መሬት ላይ ነው የተወው። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችውና "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ" ብላ ወደ ቤት ገባች።

ሰርዶ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሣር ነው። ገበሬ ማሳው ውስጥ ሲያየው ይናደዳል፤ ነቅሎ ቢጥለውም ትንሽ ሥር ከቀረች ተመልሶ ይመጣል። ለአህያ ግን እንጀራዋ ነው። እንግዲህ ምኞቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትግጠው የኖረችው ሣር ከእሷ በኋላ ለማንም እንዳይተርፍ ነው፣ ለገዛ ውርንጭላዋ እንኳ። እኔ ከሌለሁ ሁሉም ገደል ይግባ፣ በቃ። አነጋገሩ እንስሳ እያናገረ ሰው የሚነካው የገጠር አማርኛ ነው፣ "መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" እንደሚባለው። ስም አይጠራም፤ የተነካው ራሱን ያውቃል።

አሁን ከጎመኑ ወደ ክሬምሊን ልውሰዳችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ2018 ቭላድሚር ፑቲን ስለ ኑክሌር ሲጠየቁ ሩሲያ የሌለችበት ዓለም ለምን ያስፈልገናል አሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ ሩሲያ ብትጠቃና ጦርነቱ ቢነሳ እኛ እንደ ሰማዕት ገነት እንገባለን፣ እነሱ ግን ንስሐ ለመግባት እንኳ ጊዜ አያገኙም አሉ። ሰርዶ አይብቀል ማለት እኮ ነው! ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ዩክሬንን ወረሩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የኑክሌር ኃይላቸውን በተጠንቀቅ እንዲቆም አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ያደርጉት ይሆን?

ተረቱን ደግማችሁ አንብቡት። "ከሞትኩ" ነው የሚለው። ያ ተከራይ ጎመኑን የነቀለው በወጣበት ቀን ነው፣ እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ውሃ ያጠጣው ነበር። በሕይወት ያለች አህያ ነገም ሣር ትፈልጋለች።

ሴፕቴምበር 2022 መጨረሻ ላይ ፑቲን የዩክሬኗ ኬርሶን ለዘላለም የሩሲያ ናት ብለው ፈረሙ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦራቸው ከተማዋን ለቆ ወጣ፣ የዩክሬን ወታደሮች ገቡ። ኑክሌር የለም። ኦገስት 2024 ዩክሬን ድንበር ተሻግራ ኩርስክ ገባች፣ የራሷ የሩሲያ መሬት ላይ። አሁንም የለም። ኬርሶንም ኩርስክም ለፑቲን ሞት አልነበሩማ። ደግሞስ ቦምቡ ምን ያመጣላቸው ነበር? ወታደሩ በመቶዎች ኪሎ ሜትር በሚዘረጋ ግንባር ላይ ተበትኖ ነው ያለው፣ አንድ ቦምብ ጦርነቱን አይጨርስም። ነዳጃቸውን የሚገዙት ቻይናና ህንድ ደግሞ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። የቻይናው መሪ ሺ ጂንፒንግ ኖቬምበር 2022 ላይ በኑክሌር መጠቀምንም በኑክሌር ማስፈራራትንም እንደሚቃወሙ በግልጽ ተናግረዋል። ሰርዶው ቤጂንግ ነው ያለው።

አምባገነን አያሰላም የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም። በደንብ ያሰላል፣ ስሌቱ የሚያስጠላ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህንን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ላለመዋጋት የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር፤ ሞሶሎኒ ግን በ1935 እና 36 ያንኑ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን በአያቶቻችን ላይ አስረጨ። ጭምብል የለ፣ የሚመልሱበት ጋዝ የለ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያው ሞሶሎኒ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ ጋዙን አልነካውም፣ እንግሊዝ አጸፋውን ትመልሳለችና። የኢራቁ ሳዳም ሁሴንም እንደዚያው፦ በ1988 ሀላብጃ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ኩርዶችን በጋዝ ፈጀ፣ በ1991 አሜሪካ ስትመጣበት ግን ጋዙ መጋዘን ውስጥ ቀረ። ከወረራት ከኩዌት ሲባረር ያደረገው ከስድስት መቶ በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችን ማቃጠል ነው። እሱም ጎመን መንቀል ነው፣ ግን የሰው ጎመን።

በእርግጥ የሞተችዋ አህያም ታሪክ አላት። ማርች 19 ቀን 1945 ሂትለር ጀርመን ውስጥ ድልድዩም ፋብሪካውም ባቡሩም እንዲወድም አዘዘ። ራሱን ሊያጠፋ ስድስት ሳምንት ነበር የቀረው። ትእዛዙን ያደናቀፈው የገዛ ሚኒስትሩ አልበርት ሽፔር ነው። አህያ እጅ የላትም፤ ሰርዶውን የሚነቅልላት ሰው ያስፈልጋታል። ኑክሌርም ብቻውን አይተኮስም፣ መሐል ላይ ጄኔራል አለ፣ መኮንን አለ፣ ልጅ ያለው ሰው አለ። እኔን የሚያስፈራኝ እምቢ የሚለውን ሰው ሁሉ ቀድሞ ያስወገደ መሪ ነው።

ሌላው ደግሞ "አለች" የምትለዋ ቃል ናት። አለች እንጂ አደረገች አይልም። እኛም "እስከ አንድ ሰውና አንድ ጥይት" ሲባል ሰምተን፣ ባዩ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1983 አውሮፕላን ተሳፍሮ ሐራሬ ሲገባ አይተናል። ዛቻ በራሱ ሥራ ይሠራል፦ አህያዋን ሊያርድ የመጣው ሰው ስለ ሰርዶው ብሎ እንዲተዋት።

ይህ ከሁሉም በላይ የገባው የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ጆንግ ኡን ነው። የሊቢያው ጋዳፊ በ2003 የኑክሌር ፕሮግራሙን አስረከበ፣ በ2011 ተገደለ፤ ፒዮንግያንግ ይህንን አልረሳችም። ሴፕቴምበር 2022 ሰሜን ኮሪያ ሕግ አወጣች። የኑክሌር ማዘዣ ሥርዓቱ በጠላት ጥቃት አደጋ ላይ ከወደቀ ሚሳይሉ ወዲያውኑ በራሱ ይተኮሳል ይላል። የእናቴ ተረት ነው፣ በአንቀጽ ተጽፎ።