የዓለም ሕዝብ ብዛትና የመሠረታዊ ፍላጎቶች ዘላቂ አቅርቦት

መሠረታዊ ፍላጎት የሚባለው ሰው በሕይወትና በጤና ለመኖር የግድ የሚያስፈልገው ነው፤ ምግብ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ልብስ፣ መጠለያ፣ የማብሰያና የመብራት ኃይል፣ ሕክምና፣ ትምህርት። አቅርቦቱ ዘላቂ ነው የሚባለው ደግሞ የዛሬው ትውልድ የራሱን ፍላጎት ሲያሟላ መጪውን ትውልድ አቅም የማያሳጣው ከሆነ ነው። ይህን ትርጉም ያስፋፋው በኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርሌም ብሩንትላንድ የተመራውና እ.ኤ.አ. በ1987 ዘገባውን ያወጣው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ነው። ገበሬ ነገሩን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ረሃብ ቢጠና እንኳ የዘር እህል አይበላም።

የሕዝቡ ዕድገት

የዓለም ሕዝብ 1 ቢሊዮን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ሲሆን፣ በ2022 መገባደጃ 8 ቢሊዮን ሞልቷል። ይሁን እንጂ የዕድገቱ ፍጥነት ቀንሷል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ የነበረው ዛሬ ከ1 በመቶ በታች ነው። በ1950ዎቹ አንዲት ሴት በአማካይ 5 ያህል ልጆች ትወልድ ነበር፤ አሁን አማካዩ ከ2.5 በታች ወርዷል። የተባበሩት መንግሥታት የ2024 ትንበያ ቁጥሩ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ከዚያ በዝግታ መቀነስ እንደሚጀምር ያመለክታል።

ድሆችን መመገብ ሕዝብ ያበዛል የሚለው ስጋት ዛሬም ድረስ ይነሳል፤ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። በባንግላዴሽ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንዲት እናት በአማካይ ወደ 7 የሚጠጉ ልጆች ትወልድ ነበር፤ ዛሬ 2 ገደማ ነው። ሕፃናት ተወልደው ሳይሞቱ ሲያድጉ፣ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ሲውሉ፣ የወሊድ መከላከያም በቅርብ ሲገኝ ወላጆች ብዙ መውለዱን በፈቃዳቸው ይተዉታል። የሚሞት ልጅ ይኖራል ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ተጨማሪ ቢወልድ ሊወቀስ አይገባውም።

ምግብ

እንግሊዛዊው ቶማስ ማልተስ በ1798 ሕዝብ እየተባዛ፣ ምግብ ግን እየተደመረ ብቻ ስለሚያድግ ረሃብ አይቀሬ ነው ሲል ጻፈ። ስሌቱን ያፈረሰው በአብዛኛው ኬሚስትሪ ነው። ፍሪትዝ ሃበር በ1909 ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ የማዳበሪያ መሠረት የሆነውን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ካርል ቦሽም ዘዴውን በ1913 ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ መንገድ በተመረተ ማዳበሪያ ነው። በሜክሲኮ ቁመተ አጫጭርና ምርታማ የስንዴ ዝርያዎችን ያዳቀለው ኖርማን ቦርሎግም በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብሏል።

ይህ ጥጋብ ግን ያለ ዕዳ አልመጣም። አሞኒያ የሚመረተው በአብዛኛው በተፈጥሮ ጋዝና በድንጋይ ከሰል ነው። በማሳ ላይ ከሚበተነው ናይትሮጅን ደግሞ ሰብሉ የሚወስደው ግማሽ ያህሉን ነው፤ ከቀረው ብዙው በጎርፍ ታጥቦ ወንዝና ሐይቅ ይገባል፣ አልጌ ያበቅላል፣ አልጌው ሲበሰብስም የውሃውን ኦክስጅን ጨርሶ ዓሣውን ይፈጃል። ነገሩን በአንድ አዋጅ ልቁረጠው ያለችው ስሪላንካ በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ ከለከለች፤ ክልከላው ከወራት በኋላ ቢነሳም የሩዝ ምርቷ ክፉኛ አሽቆልቁሎ ሩዝ ከውጭ ለመግዛት ተገደደች። የሚያዋጣው አፈሩን መርምሮ የሚጎድለውን ያህል መጨመር፣ ፍግና ብስባሽ መጠቀም፣ ናይትሮጅን ለአፈር የሚመልሱ ጥራጥሬዎችንም እያፈራረቁ መዝራት ነው። አድካሚ ነው፤ ከአዋጅ ግን ይሻላል።

የሚመረተው ምግብ የት እንደሚገባ መጠየቅም ያስፈልጋል። በ2024 ወደ 670 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደተራበ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ገምተዋል። በ2022 በቤቶች፣ በምግብ ቤቶችና በመደብሮች የተጣለው ምግብ ግን ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ የደረሰውን የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ መርምሮ ሰው ያለቀው እህል ከአገር ስለጠፋ ሳይሆን መግዣ አቅም ስላጣ መሆኑን አስረድቷል። ይህ ትምህርት ሰማኒያ ዓመት ያለፈው ረሃብ ውጤት ቢሆንም፣ አሁንም በቂ ሰሚ አላገኘም።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የተነፈገው ጎተራው ነው ብዬ አምናለሁ። ጥራጥሬ ከማሳ ሲሰበሰብ ጥቂት ነቀዝ ይዞ ይገባል። ነቀዙ በፍሬው ላይ እንቁላሉን ይጥላል፤ ትሉ ተፈልፍሎ ፍሬውን ከውስጥ እየቦረቦረ ያድጋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ጆንያው ሲፈታ የሚገኘው ቀዳዳ ፍሬና ዱቄት ነው። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ በመከር ማግስት፣ ዋጋ በወደቀበት ሰዓት ይሸጥና ኋላ በውድ ይገዛል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካሜሩን ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከአገሩ ባለሙያዎች ጋር ያጎለበቱት መፍትሔ ቀላል ነው፤ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ይገቡና በውጭ በተሸመነ ጆንያ ይሸፈናሉ። እህሉ ተሞልቶ የሦስቱም አፍ በየተራ አጥብቆ ይታሰራል። ነቀዙ በውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርስና መብላቱን ያቆማል፤ መራባትም አይችልም፤ በመጨረሻ ይሞታል። መርዝ አልተረጨም፣ አንድ ጋት መሬትም አልተመነጠረም።

ውሃ

ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከርሰ ምድር ከሚቀዳው ጨዋማ ያልሆነ ውሃ 70 በመቶ ያህሉ የሚውለው ለግብርና ነው። ልብስም ውሃ ይጠጣል። በመካከለኛው እስያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አሙ ዳሪያና ሲር ዳሪያ የተባሉት ወንዞች ለጥጥ እርሻ ሲጠለፉ፣ በዓለም በስፋቱ አራተኛ የነበረው የአራል ሐይቅ አብዛኛው ክፍል ወደ ጨዋማ ምድረ በዳነት ተለወጠ። ውሃን በየተክሉ ሥር የሚያደርስ የጠብታ መስኖ ብዙ ያድናል፤ የተረፈው ውሃ ሌላ ማሳ ለማስፋት ከዋለ ግን ወንዙ ያው ይደርቃል።

የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ደረቅ ምድር ላይ የተቆረቆረች፣ ዓመቱን ሙሉ ከሚፈስ ወንዝም ከባሕርም የራቀች ናት። በ1968 የመኖሪያ ቤቶችን ፍሳሽ አጣርታ በቀጥታ ወደ መጠጥ ውሃ መስመር የመለሰች የመጀመሪያዋ ከተማ ሆነች። የፋብሪካ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ጋር እንዳይቀላቀል ተለይቶ ይወጣል፤ ዛሬ የቤቱ ፍሳሽ በኦዞን ጋዝ፣ በከሰልና እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ባላቸው ማጣሪያዎች በየደረጃው ያልፋል። ነዋሪዎቿ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሲጠጡት ኖረዋል። በሌላ በኩል በ2022 ደኅንነቱ በአግባቡ የተጠበቀ የመጠጥ ውሃ ያልነበረው ሕዝብ 2.2 ቢሊዮን ይገመታል።

ኃይልና መጠለያ

ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በኬሮሲን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስ በዓመት 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ለሞት እንደሚዳርግ ይገምታል። በጭሱ ውስጥ የሚውሉት በአብዛኛው እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ዋጋ ከ2010 በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት 90 በመቶ ገደማ ቢወርድም መብራቱ ከገባባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም የሚያበስሉት በእንጨት ነው፤ ምድጃ ከአምፖል እጅግ የበለጠ ኃይል ይፈልጋልና።

ወደፊት የሚጨመረው ሕዝብ በአብዛኛው የሚሰፍረው በከተማ ነው። ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ዛሬም በተጎሳቆሉ ሰፈሮች ይኖራል። ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 7 በመቶ ያህሉን ስለሚይዝ በቀርከሃ፣ በታመቀ የሸክላ አፈርና በእንጨት መገንባት ተመልሶ ትኩረት እያገኘ ነው። ከግንባታው በፊት ግን መንገዱ፣ የውሃ ቧንቧውና የፍሳሽ መስመሩ የሚያልፉበት ቦታ ይከለላል። ሰው ሰፍሮ ካበቃ በኋላ ቧንቧ ለመቅበር ሲታሰብ ወጪው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ለመስመሩ ሲባል የሚፈርሰውም አንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ የሠራው ጎጆ ነው።