«የመሃሉ ሦስት ወር» ምንድን ነው? የኮቪድ ክትባትና የእርጉዝ ቀን ቆጠራ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና የሚፈላው ኮሪደር ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ቶናው ሳይቀዳ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «እትዬ፣ ይሄን የኮሮና መርፌ አሁን ልወጋ ወይስ ልውለድና?» አለችኝ። እርጉዝ መሆኗን ያወቅኩት እዚያው ነው። ጋቢ ደርባ ስለምትቀመጥ አላስተዋልኩም ነበር።

አማቷ «እርጉዝ ሰው መርፌ ምን ያደርግላታል? ስትወልጂ ይደረስበታል» ብለዋታል። አብራት የምትሠራ ልጅ ደግሞ «ዛሬ ነገ አትበይ» እያለች ትጨቀጭቃታለች። አዋላጅ ነርሷ «ላንቺ የመሃሉ ሦስት ወር ይሻላል» ብላ አልፋለች። ወረፋው ረጅም ስለነበር ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችም። እኔም ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ ለራሴም አልጣመኝም። እዚህ በደንብ ልሞክረው።

የመሃሉ ሦስት ወር ሁለተኛው የእርግዝና ክፍል ነው። ሐኪሞች እርግዝናን 40 ሳምንት አድርገው ይቆጥሩና ለሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ክፍል እስከ 13ኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ሁለተኛው ከ14ኛው እስከ 27ኛው ይሄዳል። ከ28ኛው እስከ መውለጃው ያለው ሦስተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴት በየትኛውም የእርግዝና ጊዜ የኮቪድ ክትባት መውሰድ ትችላለች ይላል። ምርጫ ካላት ግን የሁለተኛውን ክፍል አጋማሽ ይመርጥላታል፤ በ20ኛው ሳምንት አካባቢ መሆኑ ነው። ለአንድ እርግዝና አንድ ክትባት፣ ከዚህ በፊት የተከተበች ብትሆንም።

ቆጠራው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚምታታበት እዚህ ነው። ሳምንቱ የሚቆጠረው ከተፀነሰበት ሌሊት ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ስለዚህ ካርዷ ላይ «6 ሳምንት» የተጻፈላት ሴት ጽንሷ ገና የአራት ሳምንት ገደማ ነው። ባሎች እዚህ ላይ ጣታቸውን እየቆጠሩ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ምንም የተደበቀ ነገር የለም፣ አቆጣጠሩ ነው።

ሌላው ነገር፣ እኛ የምናወራው በወር ነው፤ ካርዱ የሚያወራው በሳምንት ነው። ወር ማለት አራት ሳምንት ነው ብለሽ ካባዛሽ ቀኑ ይሸሽሻል። የኛ ወር 30 ቀን ነው፣ አራት ሳምንት ከሁለት ቀን። ደግነቱ ወሮቻችን እኩል ስለሆኑ ሒሳቡ ከፈረንጆቹ ይልቅ ለኛ ይቀላል። 40 ሳምንት 280 ቀን ነው፤ ማለትም 9 ወር ከ10 ቀን። በመሃል ጳጉሜን ካለች አምስቱን ቀን እሷ ስለምትወስድ 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን።

በዚህ ሒሳብ 20 ሳምንት 140 ቀን ነው። 4 ወር ከ20 ቀን፤ «አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ» የምትል ሴት ማለት ነው። ጎረቤቴ የመጨረሻ የወር አበባዋ የመጣው መስከረም 12 ነው። አራት ወር ብንጨምር ጥር 12፣ ሃያ ቀን ብንጨምርበት የካቲት 2። መውለጃዋ ሰኔ 22 አካባቢ። ሦስተኛው ክፍል የሚጀምርላት መጋቢት 28 ነው። በስልክ አፕ የምትቆጥሪ ከሆነ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ስትለውጪ ተጠንቀቂ። የወር አበባ ቀኑ የማይታወስ ወይም የሚዛባ ከሆነም ቶሎ የሚነሳ አልትራሳውንድ ይሻላል።

እና ለምን መሃሉ? «መቼ ልወጋ» የሚለው ጥያቄ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንዱ እናቲቱን መቼ እንጠብቃት የሚል ነው። ሁለተኛው ለሚወለደው ልጅ ስንቁን መቼ እንቋጥርለት ነው።

ከስንቁ ልጀምር። እናት ስትከተብ ሰውነቷ አንቲቦዲ የሚባለውን መከላከያ ያመርታል። ለዚህ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። የተመረተው በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል። መሻገሩ በ13ኛው ሳምንት አካባቢ በጥቂቱ ይጀምራል፤ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጣም ይጨምራል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንግዴ ልጁ ስስት አያውቅም። ልጁ በጊዜው ሲወለድ በእትብቱ ደም ውስጥ የሚገኘው መከላከያ አንዳንዴ ከእናቲቱ ደም ይበልጣል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ለራሷ ካስቀረችው በላይ መስጠቷ።

አሁን ቀኑን አስቢው። በሁለተኛው ወርሽ ብትከተቢ፣ መሻገሪያው በደንብ በሚከፈትበት ጊዜ ያንቺ አንቲቦዲ ከከፍታው መውረድ ጀምሯል። ሊወለድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ብትከተቢ ደግሞ ስንቁ ሳይበስል ተጓዡ ተነሳ። በ20ኛው ሳምንት ከተከተብሽ በ22ኛው አንቲቦዲው ደርሷል፣ መንገዱ ሲሰፋም ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ልጁ ሳይታሰብ ቀድሞ ቢመጣ እንኳ ባዶ እጁን አይወጣም።

ልጁ ይህን ስንቅ ለምን ይፈልጋል? ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የሚሰጥ የኮቪድ ክትባት ስለሌለ ነው። ያለው ከእናቱ ያገኘው ብቻ ነው። አስቢው፣ እነዚያ ወራት ደግሞ በኛ አገር ቤቱ በሰው የሚሞላባቸው ናቸው። ገንፎ የሚቀምስ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል፣ አራስ ጠያቂ በር ያንኳኳል። መስኮት አይከፈትም፤ ብርድ ይገባል ይባላል። የሚያስል ሰው ሁሉ ሕፃኑን አንዴ ካልሳመ ቅር ይለዋል። ወዲያው የአርባው ቀን ክርስትና ይደርሳል፤ ሴት ከሆነች ሰማንያው። «ልጄን አትሳሙ» ማለት የሚያስወቅስበት ሰፈር ውስጥ፣ በደሙ የያዘው መከላከያ ቀላል ነገር አይደለም። ዘላለም አይቆይም፤ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ግን የሚያስፈልገው ለነዚያ ወራት ነው። የጡት ወተትም የራሱን መከላከያ ይጨምርለታል።

ወደ እናቲቱ ልመለስ። ሆድ ሲገፋ ሳንባ ቦታ ያጣል። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ በስምንተኛ ወሯ የወጣች ሴት ይህን ከሐኪም በላይ ታውቀዋለች። በዚያ ላይ ኮቪድ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። ነፍሰ ጡሮች እኩያቸው ከሆኑ እርጉዝ ያልሆኑ ሴቶች ይልቅ በኮቪድ ጠንክረው የመታመም፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ያለ ጊዜው መውለድ፣ ልጁ ሆድ ውስጥ መሞት፣ ከእርግዝና ጋር የሚመጣው የደም ግፊት፣ እነዚህም ይጨምራሉ። ጠንከር የሚለውም በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እንግዲህ በመሃል የተከተበች ሴት ወደ ከባዱ ጊዜ የምትገባው ተዘጋጅታ ነው። የእናትና የልጅ ሒሳብ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትስ አደገኛ ናቸው? ክትባቱ በዚያን ጊዜ ጉዳት እንደሚያመጣ አልታየም። የተከተቡና ያልተከተቡ እርጉዞችን ያነጻጸሩ ጥናቶች በተከተቡት ላይ የውርጃ ብዛት አላገኙም። ግን አንድ ሐቅ አለ፤ እርግዝና በራሱ ጊዜ የሚወርደው በብዛት በነዚያ ወራት ነው። አንዲት ሴት ሰኞ ብትከተብና ሐሙስ ቢወርድባት፣ ሰፈሩ በሙሉ መርፌው ነው ይላል። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ትወቅሳለች። ሳታውቂ እርጉዝ ሆነሽ የተከተብሽ ከሆነ ግን አትደንግጪ፤ ለክትትል ስትሄጂ ተናገሪ፣ በቃ።

የአማቲቱ ፍርሃት ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ክትባቱ በአገራችን የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው፤ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ልክ በዓመቱ። ክትባቶቹ በውጭ አገር መጀመሪያ ሲሞከሩ እርጉዞች አልተካተቱም ነበር። ስለዚህ ያኔ «እርጉዝ ትቆይ» ያለ ሰው የሚናገረው መረጃ ስላልነበረ ነው እንጂ ጉዳት ስለታየ አልነበረም። መረጃው በኋላ መጣ፣ ወሬው ግን ባለበት ቀረ።

ደግሞ «እርጉዝ አትወጋም» የሚለው ነገር ድሮም ልክ አልነበረም። አማቲቱ ራሳቸው ካርድ አውጥተው ከሆነ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተወግተዋል። ሥራው ያው ነው፤ እናት ትወጋለች፣ መከላከያው በእንግዴ ልጅ ያልፋል፣ ልጁ እትብቱ ሲቆረጥ ከሚገባው በሽታ ይድናል። ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን አስወግዳለች ተብሎ የተመሰከረላት አንዱም በዚህ ክትባት ነው። ለእርጉዝ የማይሰጡ ክትባቶች አሉ፤ እንደ ኩፍኝ ያሉ፣ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ያለባቸው። የኮቪድ ክትባቶቹ ከነዚህ ወገን አይደሉም።

መሃሉን መጠበቅ የሌለባት ሴትም አለች። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለባት፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ፣ ጤና ተቋም ውስጥ ወይም ሰው በሚጋፋበት የምትውል፣ እነዚህ ሰፈሩ በሳል ሲጠመድ «20 ሳምንቴ ይሙላ» ብለው መቀመጥ የለባቸውም። ወሩ ያለፋትም «አለፈኝ» ብላ አትተወው። በ32ኛው ሳምንት የምትከተብ ራሷንም ትጠብቃለች፣ ለልጁም የሚደርስ ነገር ይኖራታል። በቅርብ የተከተበች ወይም በኮቪድ የታመመች፣ ደግሞም ቀድሞ ክትባት ወስዳ ሰውነቷ ክፉኛ የተቆጣባት፣ ይህን ቀድማ ለባለሙያዋ ትንገር፤ ምክሩ ሊለወጥ ይችላል።

አገሮች በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል እንዳልሆኑም ልደብቅሽ አልፈልግም። ድንገተኛው የዓለም ጤና ስጋት ማብቃቱ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ አንዳንዶቹ ምክራቸውን ቀንሰዋል። የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት 2017 ዓ.ም. ለጤነኛ እርጉዞች ይሰጥ የነበረውን ምክር አንስቷል። የዚያው አገር የጽንስና ማህፀን ሐኪሞች ኮሌጅ ግን አልተስማማም፤ እስካሁን ይመክራል። እኔ በበኩሌ በየቀኑ እርጉዝ የሚያዩትን ሐኪሞች አምናለሁ።

ወደ ሰፈራችን ስንመጣ ችግሩ ሌላ ነው። እርግዝና ቶሎ አይነገርም። የሰው ዓይን ይፈራል፣ «ይግፋና» ይባላል። ብዙዋ ሴት ካርድ የምታወጣው ሆዷ ሲታይ ነው። አዲሱ የአገራችን መመሪያ ስምንት ጊዜ ክትትል ይላል፤ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ሁለተኛው በ20ኛው። ልብ በይ፣ ሁለተኛው ቀጠሮሽ በትክክል የመሃሉ ሦስት ወር አጋማሽ ላይ ነው። ለብቻው ታክሲ ተሰልፎ መሄድ አያስፈልግም ማለት ነው። ዘግይታ ካርድ ያወጣችም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ቀኗ እዚያው አካባቢ ይውላል።

የዘመቻው ጊዜ ስላለፈ ክትባቱ በጤና ጣቢያው መኖሩን ቀድመሽ ጠይቂ። ሰፈር የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብትይዣት ከመንገድ ታድንሻለች። ከተወጋሽ በኋላ ክንድ ሊያምሽ፣ ሊያተኩስሽ ይችላል። ትኩሳቱን ዝም ብለሽ አትቻይው፤ ፓራሲታሞል ለእርጉዝ ይሆናል። አይቡፕሮፌን ግን ሳትጠይቂ አትውሰጂ፣ በተለይ ከ20 ሳምንት በኋላ።

ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነገርኳት። ፈንዲሻውን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች በጣቷ ቆጠረች፤ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«የካቲት መጀመሪያ አማቴ ለጥየቃ ይመጣሉ» አለችኝ። «እሳቸውን ይዤ እሄዳለሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ እሷኑ አዋላጇን ይጨቅጭቋት።»