ማይኮራይዛ ምንድን ነው? ለቲማቲምስ ምን ይጠቅማል?

በቆቦ ሜዳም ሆነ በጨፋ በመስኖ ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ፈንገስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ቅጠል የሚያደርቅና ፍሬ የሚያበሰብስ በሽታ ነው። አልተሳሳተም። ሆኖም አፈር ውስጥ ተክሉን ሳይጎዳ ሥሩ ውስጥ ገብቶ የሚኖር ሌላ ፈንገስም አለ። ማይኮራይዛ የምንለው ይህንን የፈንገስና የሥር ቁርኝት ነው።

ኑሯቸው በመሰጣጣት ላይ የቆመ ነው። ፈንገሱ ምግቡን ራሱ መሥራት ስለማይችል ቲማቲሙ በፀሐይ ብርሃን ካዘጋጀው ስኳር ያካፍለዋል። ፈንገሱ ደግሞ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ክሮቹን ወደ አፈሩ ዘርግቶ ፎስፈረስ፣ ዚንክና ውሃ እየለቀመ ያቀብለዋል። ዋናው ጥቅም ፎስፈረሱ ነው። ዩሪያ አፈር ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ናይትሮጂኑ ከውሃ ጋር ይጓዛል፤ ፎስፈረስ ግን ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ባለበት ይቀራል። ሥሩ በአንድ ሁለት ሚሊሜትር ርቀት ያለውን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ተገዝቶ የተበተነው ፎስፈረስ ያለበት የኤንፒኤስ ማዳበሪያ ጭምር፣ አጠገቡ እያለ አይደርስበትም። የፈንገሱ ክር ግን በሴንቲሜትር የሚለካ ርቀት ይሄዳል፤ ሥር በማያልፍበት ቀዳዳም ሾልኮ ይገባል። በዛሬው የማዳበሪያ ዋጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባቄላ ሲነቀል ሥሩ ላይ እንደሚታየው ዓይነት እብጠት እዚህ የለም፤ የቲማቲሙን ሥር አገላብጦ ማየት ምንም አይነግርም። ላቦራቶሪ ውስጥ ሥሩ በኬሚካል ነጥቶ፣ በቀለምና በኮምጣጤ ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሕዋሶቹ ውስጥ ቅርንጫፋቸው የተንዠረገገ ደቃቅ ዛፎች የሚመስሉ የፈንገሱ ክፍሎች ብቅ ይላሉ። ስኳሩና ፎስፈረሱ የሚለዋወጡት እዚያ ነው። እያንዳንዳቸው ጥቂት ቀን ቆይተው ያረጃሉ፤ በአዲስ ይተካሉ።

ፈንገሱ ቢሰጥ የሚሻለው ችግኝ መደብ ላይ ነው። የግድ ሥር መንካት ስላለበት፣ ዘሩ በሚዘራበት መስመር ወይም ችግኙ በሚተከልበት ጉድጓድ ውስጥ ይጨመራል። ተክሉ ካደገ በኋላ ከላይ መበተን ገንዘብ ማባከን ነው። ቀድሞ የተዋሃደ ችግኝ ሲዛወር ቶሎ ይይዛል፤ ውሃ ሲያጥረውም የተሻለ ይቋቋማል። የምርቱ ጭማሪ ግን በየማሳው ይለያያል። ፎስፈረስ በተትረፈረፈበት አፈር ቲማቲሙ ራሱ ፈንገሱን ያርቀዋል፤ ስለዚህ ማዳበሪያ ከልክ በላይ እየጨመሩ ፈንገሱንም መግዛት እርስ በርሱ ይጣረሳል።

ይህ ፈንገስ ሕይወት ያለው ሥር ከሌለ አይራባም። የሚባዛውም በበቆሎ ወይም በማሽላ ሥር ላይ ነው፤ ወሎ ደግሞ ማሽላ የሚያጣ አገር አይደለም። ከግራር ወይም ከድንበር ሣር ሥር የተወሰደ አፈር በማሰሮ ተደርጎ ማሽላ ይዘራበታል። ሦስት አራት ወር ካደገ በኋላ ውሃው ይቋረጥና ሥሩ ተከታትፎ ከነአፈሩ ለመደቡ ይውላል። አፈሩን ቲማቲም፣ በርበሬ ወይም ድንች ከነበረበት ማሳ መውሰድ ግን አደገኛ ነው፤ የሥር ትልና አጠውላጊ በሽታ አብሮ ይመጣል።

የሰብል ፈረቃውም ይታሰብበት። ቀይ ሽንኩርትና ማሽላ ፈንገሱን ያቆዩታል። ጎመንና ቀይ ሥር ግን አያስተናግዱትም፤ ከእነሱ በኋላ ቁጥሩ ይመነምናል። ደጋግሞ ማረስ ክሩን ይበጣጥሰዋል፤ አፈር ላይ የሚፈስ አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒትም ይጎዳዋል።

ትራይኮደርማ የሚባለው ሌላ ነው። እሱ የችግኝ አበስባሽ ፈንገሶችን እያጠቃ ሥሩን ይጠብቃል፤ ፍግና ኮምፖስት ላይም ይራባል። ሁለቱን አብሮ መጠቀም ይቻላል።

ሊሞክረው የሚፈልግ ሰው አንዱን መደብ ያለ ፈንገስ ይተወው። ዘሩም፣ ውሃውም፣ ማዳበሪያውም አንድ ይሁን፤ ከየመደቡ ችግኝ የተለቀመው ቲማቲም ለየብቻ ይመዘን።