«አብረን ከወጣን ቡድን እንሆናለን» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች «ቲም ቢልዲንግ እንውጣ» ማለት ይጀምራሉ፤ ሠራተኛው እንዲቀራረብ አብሮ መውጣት ማለታቸው ነው። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ፣ ያረፈደ ይቀራል» የሚል መልእክት ይለጠፋል። ኮስተር ይከራያል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ ከዚያ ወንጪ ወይ መናገሻ ሱባ ወይ ዝቋላ ይኬዳል።

እንዲህ ያለ ጉዞ በጣም እወዳለሁ። ለዓመታት አብሬ ወጥቻለሁ፣ አስተባብሬያለሁም። ሰው ተፋቅሮ ሲመለስ አይቻለሁ፣ ተቀያይሞ ሲመለስም አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከቦታው አይደለም። ሳንወጣ በፊት ይዘነው ከምንሄደው ግምት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«አብረን ከወጣን በቃ፣ ቡድን እንሆናለን»

አንሆንም። ኮስተሩ ውስጥ ሒሳብ ክፍል ከሒሳብ ክፍል ጋር ይቀመጣል፣ ሽያጮች ከኋላ ሆነው ይጨፍራሉ፣ አለቃ በራሱ መኪና ይመጣል። ተራራው ላይም እንደዚያው፣ ምሳ ላይም እንደዚያው። ማታ ሁሉም ስልኩን በፎቶ ሞልቶ ይገባል፣ ሰኞ ግን ትናንት የማይተዋወቀው ሰው ዛሬም አይተዋወቅም።

የዚህ ነገር አጀማመር ራሱ ሌላ ነበር። በ1941 እ.ኤ.አ.፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ ሎውረንስ ሆልት የሚባል እንግሊዛዊ የመርከብ ባለሀብት አንድ ነገር ያሳስበው ነበር። መርከብ ተመትቶ ሰው ባሕር ላይ ሲቀር፣ ጉልበት ያላቸው ወጣት መርከበኞች ከትልልቆቹ ቀድመው ይሞታሉ የሚል ስጋት ነው። ኩርት ሃን ከተባለው መምህር ጋር ሆኖ ዌልስ ውስጥ አበርዶቪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አውትዋርድ ባውንድ የተባለውን ማሠልጠኛ ከፈቱ። ትምህርቱ አንድ ወር ገደማ ይፈጅ ነበር። ወጣቶቹ አብረው ይቀዝፋሉ፣ አብረው ተራራ ይወጣሉ፣ ሰው ማዳን ይለማመዳሉ።

እኛ ያለችን ደግሞ አንዲት ቅዳሜ ናት። ስለዚህ ቅዳሜዋን አስቦ መጠቀም ያስፈልጋል። ሰዉን ከተለያየ ክፍል አደባልቃችሁ በአምስት በአምስት መድቡ፣ ለየቡድኑም እውነተኛ ሥራ ስጡ፤ አንዱ ውኃ ይያዝ፣ አንዱ ምሳ ያቅርብ፣ አንዱ መንገዱን ከጋይዱ ጋር ይከታተል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብዙዎች የሚዘሉት ነው፦ ከመመለሳችሁ በፊት ሣር ላይ ቁጭ ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ተነጋገሩ። «ዛሬ ማን አገዘህ?» «የት ጋ ተናደድሽ?» «እንዲህ ያለ ነገር ቢሮም ያጋጥመናል?» በቂ ነው። አለቃው መጨረሻ ላይ ይናገር። ቀድሞ ከተናገረ ሌላው እሱን ብቻ ይደግማል።

«ጎበዝ ይምራ፣ ሌላው ይከተል»

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ወንጪን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው፣ ጠርዙ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሐይቁ ታች ነው። ስለዚህ ጉዞው በቁልቁለት ይጀምራል። ሁሉም እየሳቀ ይወርዳል። ዳገቱ የሚጠብቀው ሲመለሱ፣ ጉልበት ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ አብራን የወጣች በዕድሜ ከፍ ያለች የሥራ ባልደረባችን ነበረች። ወጣቶቹ ባልደረቦቻችን ቀድመው ወጡ። ሁለት ሦስት ቦታ ቁጭ ብለው ቆሎ እየበሉ ጠበቋት፣ እሷ ስትደርስ ግን «በሉ እንነሣ» ተባለ። ልብ በሉ፤ እነሱ በየቦታው አርፈዋል፣ እሷ አንድም ጊዜ አላረፈችም። በጣም የደከመው ሰው ነው ዕረፍት የተነፈገው! ላይ ስትደርስ አጨበጨቡላት። እነሱ ለማበረታታት ነው፣ እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ኮስተሩ ውስጥ ገባች፣ እስከ አዲስ አበባ ድረስም አንድ ቃል አልተናገረችም። ያን ቀን አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ቀርፋፋው ሰው ከፊት ይሄዳል። ፍጥነቱን እሱ ይወስናል። ከኋላ ደግሞ የሚዘጋ አንድ ጠንካራ ሰው ይኖራል፣ ከሱ ኋላ ማንም አይቀርም። የመጨረሻው ሰው ከደረሰ በኋላ አሥር ደቂቃ ሙሉ ይታረፋል። ጎበዞቹ ጉልበት ከተረፋቸው የሰው ቦርሳ ይሸከሙ። ወንጪ ደግሞ የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ፤ ፈረስ መቀመጥ ሽንፈት እንዳልሆነ ጠዋት ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ተናገሩ። አለቃው ራሱ ለትንሽ ቢቀመጥ ደግሞ ሌላው ለመጠየቅ አያፍርም።

ሰዓቱንም በጎበዝ እግር አትለኩ። በ1892 እ.ኤ.አ. ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣት ቀላል ሒሳብ አለች፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ 600 ሜትር ዳገት ካለው ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ይሄ ግን ለጠንካራ ሰው ነው፣ ዕረፍትም አልተቆጠረም። ለሠላሳ ሰው ቡድን እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ። እኛ አገር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ጥልቅ ትላለችና «ሐይቁ ጋ ብንደርስም ባንደርስም 8 ሰዓት ላይ እንመለሳለን» ብሎ ቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

«ፈሪ ካልተገፋ አይለወጥም»

ዚፕላይኑ ላይ፣ ማለትም በገመድ ተንጠልጥለው ቁልቁል የሚንሸራተቱበት ላይ፣ የቆመች ልጅ ፈርታለች፣ ሃያ ሰው ከታች ሆኖ ስሟን እየጠራ ይጮሃል፣ አለቃዋም ቪዲዮ እየቀረፀ ነው። እስቲ እምቢ በይ! ብትዘል እንኳ የተማረችው ድፍረት አይደለም፤ እዚህ ሰዎች ፊት እምቢ ማለት እንደማይቻል ነው። ይሄን ደግሞ ሰኞ ቢሮ ይዛው ትገባለች።

በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የተጀመረው ፕሮጀክት አድቬንቸር የሚባል ፕሮግራም የአውትዋርድ ባውንድን ሐሳብ ወደ ትምህርት ቤት አመጣ። ከሱ የወረስነው ትልቅ መርህ አለ፦ እያንዳንዱ ሰው እስከ የት እንደሚሄድ ራሱ ይመርጣል። አልዘልም ያለ ሰው ግን ተመልካች ሆኖ አይቀርም። ገመድ ይይዛል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ ለሚቀጥለው ሰው ቀበቶውን ያስራል።

ውኃ ላይ ደግሞ ግፊት ሰው ይገድላል። በ1993 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ፣ ላይም ቤይ በሚባል የባሕር ወሽመጥ ላይ በካያክ የወጡ አራት ተማሪዎች ሞቱ። አስተማሪዎቹ በቂ ልምድ አልነበራቸውም። ማዕከሉን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ታሰረ፣ በ1995ም ለወጣቶች እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያዘጋጁ ማዕከላት በፈቃድ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። ላንጋኖም ይሁን ቢሾፍቱ ወይ ወንጪ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ ጀልባው ላይ አትውጡ። አራት ጃኬት ለአሥር ሰው አይሆንም።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል?»

ግማሹ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ለምዷል። ግን ቡድኑ ውስጥ ከድሬዳዋ ቅርንጫፍ ትናንት የመጣ አለ፣ ከዱባይ ወይ ከዋሽንግተን ለዕረፍት የገባ አለ፤ ለነሱ እንጦጦም ከፍታ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ስትሄዱ ደግሞ የአዲስ አበባውም ሰው ይነካል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ መውጣት ይቁም። ሰው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይውረድ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። የመጀመሪያው ምሽት ላይ መጠጡ ቢቀር ይሻላል። ራስ ምታቱ ከመጠጡ ይሁን ከከፍታው መለየት ያስቸግራል።

«የፈረንጅ ቅንጦት ነው»

ቃሉ የፈረንጅ ነው፣ ነገሩ አይደለም። ደቦና ወንፈል ያለው አገር አብሮ መድከምን ከማን ይማራል? ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ዝቋላ የሚወጣውን ሕዝብ እዩ። አቅመ ደካማውም ይወጣል፣ ወጣቱም ይወጣል፣ የደከመውን ደግፎ መውጣት ማንም አላሠለጠነውም።

«ብዙ ብር ይፈልጋል»

አይፈልግም። እንጦጦ አፍንጫችን ሥር ነው። የመናገሻ ሱባ ደንም ሩቅ አይደለም፤ ጥዱን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል፣ ከሥሩ መሄዱ ብቻ ዕረፍት ነው። ብር ካነሰ ቲሸርቱን ተዉትና ለጋይድና ለፈረስ አውሉት።

«ምግቡ ቀላል ነው፣ በግ እናርዳለን»

ቀላል አይደለም። ጉዞ የሚበዛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ በጉን ማን ይባርከው? ክርስቲያን ከባረከው ሙስሊሙ አይበላም፣ ሙስሊም ከባረከውም ክርስቲያኑ አይበላም። ጠዋት ሙሉ አንድ ላይ የደከመ ሰው ምሳ ላይ በሦስት ቦታ ተከፍሎ ሲቀመጥ አይቻለሁ፣ አንዷ ጿሚ ደግሞ ሙዝና ለስላሳ ይዛ ዳር ላይ ብቻዋን ነበረች። ማንም ክፉ አላሰበም፣ ቀድሞ የጠየቀ ሰው ስለሌለ ብቻ ነው።

አሁን እኛ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ቲማቲም ፍትፍት ነው የምንይዘው። ሁሉም ይበላዋል። ትልልቅ ትሪ ላይ ቀርቦ ለአምስት ለአምስት፣ ጠዋት በተመደብንበት ቡድን እንቀመጣለን። ወጪውም የበጉን ግማሽ አይሆንም።