መስል ካር ኩርባ ላይ፦ ጥፋቱን ያለቦታው የምንለጥፍባቸው መኪኖች

የድሮ የአሜሪካ መስል ካር ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው ፍርድ አለው። አንዱ «ሲፈተለክ ማን ይችለዋል! ኩርባ ላይ ግን አለቀለት» ይላል። ሌላው «ያ ብረት ነው፤ የዛሬው ፕላስቲክ የት ይደርስበታል» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። እኔን የሚገርመኝ ጥፋቱን የሚለጥፉበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ዕቃ ጥፋተኛው አይደለም።

ለማያውቅ፣ መስል ካር ማለት መካከለኛ መጠን ያለው ተራ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር ሲገጠምበት ነው። ፈር ቀዳጅ የሚባለው የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። 6.4 ሊትር ሞተር ነበረው። የፎርዱን ማስታንግና የሼቭሮሌውን ካማሮ እዚህ ውስጥ መጨመሬ አንዳንዱን አክራሪ ያናድዳል። «እነሱ ፖኒ ካር (አነስ ያሉ ስፖርታዊ መኪኖች) ናቸው!» ይላሉ። ይናደዱ። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

«መስል ካር መታጠፍ አያውቅም»

ብዙዎቹ አያውቁም፤ የተሠሩትም ለዚያ አልነበረም። ከመብራት እስከ መብራት፣ ወይም በ400 ሜትር ቀጥታ ውድድር ቀድሞ ለመድረስ ነው። ስህተቱ «ሁሉም» ሲባል ይጀምራል።

የ1967ን ካማሮ ዚ/28 ተመልከቱ። ትራንስ-አም የሚባለው ውድድር ከ5 ሊትር በላይ ሞተር አይፈቅድም ነበር። ሼቭሮሌ የ327 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩን ብሎክ (ዋናውን አካል) ወሰደ፣ የ283ቱን ክራንክ ሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ከተተበት፣ 302 ኪዩቢክ ኢንች የሆነ፣ ማለትም ከ5 ሊትር ጥቂት ያነሰ፣ በከፍተኛ ዙር የሚጮህ ሞተር ወጣው። አውቶማቲክ ካምቢዮ የለም። ኤሲ የለም። ፊት ላይ ዲስክ ፍሬን ግዴታ ነው። በዚያ ዓመት የተሠሩት 602 ብቻ ናቸው። በ1968 እና በ1969 ማርክ ዶናሂው በካማሮ እየነዳ ለሼቭሮሌ የትራንስ-አምን ዋንጫ አስገኘ። ትራንስ-አም ደግሞ ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም፤ ግራ ቀኝ ነው።

ከዚያ በፊት የእሽቅድድም ሾፌር የነበረው መኪና ሠሪ ካሮል ሼልቢ አለ። በ1965 ማስታንግን ወስዶ ጂቲ350 ሲሠራ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ የምወደው አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የፊት ጎማውን የሚይዘው የላይኛው ክንድ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት ቀዳዳ አለ። ከእሱ 2.5 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ ሌላ ቀዳዳ በሳ። በቃ። መሰርሰሪያና ሜትር ያለው ጋራዥ ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያዘነብል ጎማው አብሮ መንጋደዱን ቀነሰ፤ አስፋልቱን በጠርዙ ሳይሆን በሙሉ ገጹ ረገጠ። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ ባትሪውንም ወደ ኋላ ሻንጣው ወሰደው፣ ፊቱ እንዲቀለው። ያ መኪና በዚያው ዓመት የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብን ቢ-ፕሮዳክሽን የሚባል ምድብ ሻምፒዮና በላ። ችሎታው ብረቱ ውስጥ ነበረ። እሱን ለማውጣት ገንዘብ የሚያወጣ ጠፋ እንጂ።

«ክብደቱ ነው የገደለው»

ሚዛን ላይ እናውጣቸው። የ1965 ማስታንግ ከነቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተሩ ወደ 1,300 ኪሎ ነው። የዛሬው ማስታንግ ጂቲ ከ1,700 ያልፋል። በ2023 መጨረሻ ምርቱ የቆመው ቪ8 ዶጅ ቻሌንጀር ወደ 1,900 ይጠጋል። የ1965ቱ ማስታንግ ከዛሬ ካምሪ እንኳ ይቀላል።

ጉዳዩ ክብደቱ የት ተቀመጠ ነው። የሼቭሮሌ ትልቁ ቪ8 ከትንሹ ወደ 50 ኪሎ ይበልጣል። ያ ሁሉ ብረት የፊት ጎማዎቹ ላይ ነው የሚጫነው። መሪውን ስታዞረው አፍንጫው «ቆይ እስቲ» ይልሃል። ስለዚህ አንድ ዓይነት መኪና ሆኖ ትንሹ ሞተር ያለው ኩርባ ላይ ትልቁን ያስንቀዋል። ገዢው ግን የሚመርጠው ትልቁን ነበር።

«ባሌስትራ ነዋ!»

የኛ ሰው ባሌስትራ ሲባል የሚታየው አይሱዙ ነው። የኋላ ባሌስትራ በርግጥ ጣጣ አለው። ነዳጅ በድንገት ሲረገጥ አክስሉ ሊጠማዘዝ ይሞክራል፣ ባሌስትራው ይጣመማል፣ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል። የ1967 ካማሮ ባሌስትራ ባለ አንድ ቅጠል ስለነበር ይህ በሽታ በደንብ ታየበት። በ1968 አንዱን አሞርዛተር ከአክስሉ ፊት፣ ሌላውን ከአክስሉ ኋላ አሰሩትና ዝላዩ ረገብ አለ።

ግን አስቡት፤ ማስታንግ ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በቀር እስከ 2014 ድረስ ወጥ የኋላ አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት የሚያያይዝ) ነበረው። የ2012ቱ ማስታንግ ቦስ 302 በዚያው ዓይነት አክስል ውድድር ሜዳ ላይ ሲሞገስ ነበር። የተለወጠው በባሌስትራው ፋንታ ሞላ መግባቱና አክስሉን በየአቅጣጫው የሚይዙት ክንዶች መጨመራቸው ነው።

«ዘመናዊ ጎማ እሰርለት፣ አለቀ»

ይሄኛው ለእውነት በጣም የቀረበ ስህተት ነው። ዋናው ጥፋተኛ ጎማው ነበርና። የያኔው ጎማ ክሮቹ እርስ በርስ ተመሳቅለው የተደራረቡበት ባያስ የሚባለው ዓይነት ነው። ጎኑ ሲታጠፍ መሬት የሚረግጠውን ገጽ አብሮ ይጎትተዋል። ራዲያል ግን ክሩ ከጠርዝ ጠርዝ በቀጥታ ይሄድና ከገጹ ስር ቀበቶ ይታሰርለታል፤ ጎኑ ቢጨፈለቅ ገጹ መሬት ላይ ይቀራል። ሚሽሊን ራዲያልን ያስመዘገበው በ1946 ነው። አሜሪካኖቹ ግን ፋብሪካ ላይ እንደ መደበኛ ያሰሩት በ1970 ሊንከን ማርክ 3 ነው የጀመሩት። የመስል ካር ዘመን ያን ጊዜ ሊያልቅ ምን ቀረው?

ታዲያ ራዲያል ስታስር ብቻ የማያልቀው ለምንድን ነው? የፋብሪካው የአላይመንት (የጎማ አቅጣጫና ዘንበል) ልክ ለባያስ ጎማ የተጻፈ ስለሆነ ነው። በዚያ ልክ ካስተካከልከው አዲሱ ጎማ በውጭ ጠርዙ ይበላል፣ መሪውም ይቀባዥራል። ራዲያል የላይኛው ጫፉ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ ጎሚስታ ጋ ሄዶ «መኪናው ድሮም እንዲህ ነው» ተብሎ የተመለሰ ሰው ጥቂት አይደለም።

«የድሮ ፍሬን አይዝም»

ይይዛል። የመጀመሪያውን ጊዜ። ችግሩ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ታምቡር ፍሬን ውስጥ ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል፣ ፔዳሉም ወደ ወለሉ እየጠለቀ ይሄዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ በከባድ ማርሽ የወረደ ሾፌር ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ፍሬን እየረገጠ የወረደውም አውቆታል፣ ዘግይቶ።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። እስከ 1966 ሞዴል ድረስ ብዙዎቹ የፍሬን ዘይታቸው መስመር አንድ ብቻ ነበር። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከቀለሙ በፊት ይህን ይይ።

«የ1970 ፈረስ ከዛሬው ፈረስ እኩል ነው»

አይደለም። እስከ 1971 የሚነገረው ቁጥር ሞተሩ ብቻውን፣ የአየር ማጣሪያና የጭስ ድምፅ ማፈኛ ሳይገጠምለት የተለካ ነው። የ1971 ዚ/28 በአሮጌው ልክ 330፣ ሁሉም ተገጥሞለት በሚለካበት በአዲሱ ልክ 275 ፈረስ ጉልበት ተባለ። ሞተሩ ያው ነው።

«የዛሬውን መኪና የሚነዳው ኮምፒውተሩ ነው»

ቨርጂኒያ ያለ አንድ ወዳጄ የ60ዎቹ መኪና አለው። አንዴ አስነዳኝ። መሪውን ሁለት ጣት ያህል አዞርኩት፤ ምንም። ሦስተኛው ጣት ላይ መኪናው ነቃ። ከዳር እስከ ዳር አምስት ዙር የሚጠጋ መሪ ነው። የዛሬዎቹ ሁለት ተኩል ገደማ ነው። «መንገዱ እጅህ ላይ ይሰማሃል» የሚለው ዝና እኔ ጋ አልደረሰም። የተሰማኝ የመሪው ልቅነት ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያደርገው የምር ትልቅ ነገር ነው። መኪናው ተንሸራቶ መዞር ከጀመረ አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ይይዝና ያቀናዋል። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ አድርጋዋለች። ነገር ግን አጥፍታችሁት ብትነዱም የዛሬው መኪና ኩርባውን ይዞ ይወጣል። ጎማው፣ የአካሉ ጥንካሬና ፍሬኑ አብረውት አሉ። ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገው ሰውየው ሲሳሳት ነው።

ወዳጄም ይህን ያውቃል። ፀሐይ ከሆነ አሮጌውን አውጥቶ ሰፈሩን ያስጮኸዋል። ሰማዩ ከጠቆረ ግን ቁልፉን ሰቅሎ በኮሮላው ነው የሚወጣው።