የእስረኞች ሕክምና እና የመንግሥት ኃላፊነት

ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ አንዱ አላሽል ካለው ሌላ ይሞክራል፤ ሲቸግረው ጠበል ይገባል። እስረኛ ግን በሩ እስኪከፈትለት ይጠብቃል። ሕመሙን አስቀድሞ የሚናገረውም ለጠባቂው ነው። ራሱን የሚያሳክምበትን መንገድ ሁሉ የዘጋበት መንግሥት ስለሆነ፣ ማሳከሙም የመንግሥት ዕዳ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብ ይህንኑ በቁጥር 24 አስፍሯል፦ የእስረኞች ጤና የመንግሥት ኃላፊነት ነው፤ አገልግሎቱም ከእስር ውጭ ያለው ሕዝብ ከሚያገኘው የማያንስና በነፃ የሚሰጥ መሆን አለበት። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ቁጥር 27 ነው። የሕክምና ውሳኔ የሚወስነው የጤና ባለሙያ ብቻ ነው፤ የእስር ቤት ኃላፊ ሊሽረው አይችልም ይላል።

ይህ ድንጋጌ ለምን እንዳስፈለገ የአሜሪካው የቴክሳስ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1973 ጋምብል የተባለ እስረኛ ከጭነት መኪና ጥጥ ሲያራግፍ አንድ ጥቅል ጥጥ ወደቀበት። ወገቡን አመመው። ሐኪሙ ከታችኛው አልጋ ይተኛ ብሎ አዘዘ፤ የእስር ቤቱ ሠራተኞች ግን አልፈጸሙም። የታዘዘለት መድኃኒትም ጠፍቶበት ለቀናት ሳይወስድ ቀረ። መሥራት አልችልም ባለ ጊዜም ተቀጣ። ጋምብል ክሱን ያቀረበው ያለ ጠበቃ፣ በእጁ ጽፎ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በዳኛ ተርጉድ ማርሻል ብዕር፣ የእስረኛን ከባድ ሕመም እያወቁ ችላ ማለት ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ጭካኔ ነው ሲል ወሰነ። በእስር ቤቱ ሆስፒታል ዋና ሐኪም ላይ ያቀረበው ክስ ግን፣ በሦስት ወር ውስጥ 17 ጊዜ ታይቷል ተብሎ ውድቅ ሆነበት። በዚህ ፍርድ መሠረት የሐኪም ስህተት ወይም ቸልተኝነት ብቻውን አይበቃም፤ ከሳሹ ባለሥልጣኑ እያወቀ እንደተወው ማስረዳት አለበት። ታሞ ለተኛ ሰው ይህ ከባድ ሸክም ነው።

መብቱ በወረቀት ሰፍሮም ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ እስረኞች በከንቱ ይሞቱ ነበር። የፌዴራል ዳኛው ቴልተን ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2005 በየ6 ወይም በየ7 ቀኑ አንድ እስረኛ ሊድን ሲችል እንደሚሞት አረጋግጠው፣ ሕክምናው ከግዛቱ አስተዳደር እጅ ወጥቶ ፍርድ ቤት ለሚሾመው አስተዳዳሪ እንዲሰጥ ወሰኑ። ለ80,000 ሰው የተሠሩት እስር ቤቶች እጥፍ ያህል ሰው ታጉሮባቸው ነበር። በአንዱ እስር ቤት 22 ካሬ ሜትር በምትሆን የብረት ፍርግርግ ውስጥ እስከ 50 ሕሙማን ተጨናንቀው እስከ 5 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ተራ ይጠብቁ እንደነበር በፍርዱ ተመዝግቧል። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የእስረኞቹ ቁጥር እንዲቀነስ የተሰጠውን ትእዛዝ አጸና።

አንዳንድ አገሮች መፍትሔውን ከሥሩ ፈልገውታል፤ የእስር ቤቱን ሐኪም ከእስር ቤቱ አለቃ ሥር አውጥተው ለጤናው ዘርፍ ሰጥተዋል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ፈረንሳይ በ1994፣ እንግሊዝ በ2006 ይህን አድርገዋል። ትክክል ይመስለኛል። ሳንባ ነቀርሳ በተጨናነቀ ክፍል ሲዛመት አጥሩ አያቆመውም፤ ጠባቂው ማታ ከልጆቹ ጋር ያድራል፣ ታራሚውም አንድ ቀን ይፈታል።

በኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 የታሰሩ ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲያዙ ይደነግጋል፤ ሊጎበኟቸው ከሚችሉት መካከል ሐኪሞቻቸውንም ይጠቅሳል። ክሊኒኮቹ የሚተዳደሩት ግን በማረሚያ ቤቶቹ ሥር ነው። ታራሚ ወደ ሆስፒታል ሲላክ ከሐኪሙ ወረቀት ሌላ መኪናና አጃቢ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ሲጎድል ቀጠሮው ያልፋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በክትትል ሪፖርቶቹ የመድኃኒትና የባለሙያ እጥረትን አንስቷል። ጉድለቱን ብዙ ጊዜ የሚሞላው ቤተሰብ ነው፤ ስንቅ የምታመላልስ እናት ከምሳ ዕቃው ጋር በሐኪም የታዘዘውን ክኒን ከውጭ ገዝታ ይዛ ትሰለፋለች። ጠያቂ የሌለው ታራሚ ግን ተስፋው ክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ በዚያ ቀን ያለው መድኃኒት ብቻ ነው።