የመድረክ «ባዶ ቀን» ምንድን ነው?

አሁንስ በዛ። የአንድ አዳራሽ የወር ፕሮግራም በተለጠፈ ቁጥር አንዱ ይነሳና «ሰኞ ባዶ፣ ማክሰኞ ባዶ፣ ረቡዕ ባዶ፤ ታዲያ ለወጣቶቹ ለምን አይሰጥም?» ይላል። ሰሞኑን ደግሞ ይኸው ክርክር ባሌትን ምስክር ጠርቶ መጣ። «ኒውዮርክ ላይ ሁለት ትልልቅ የባሌት ቡድኖች መድረክ ተጋርተው ይሠራሉ። ደሴ ላይ ሁለት የኪነት ቡድን አንድ አዳራሽ መጋራት ምን ያቅተዋል? ሰኞ ለአንዱ፣ ማክሰኞ ለሌላው፤ ቀን ማካፈል ነው» ይላል ጸሐፊው።

ሰውየው ክፉ አላሰበም። ልጆቹ መድረክ አጥተው በየትምህርት ቤቱ ግቢ መለማመዳቸው እውነት ነው። የኒውዮርኩም ወሬ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ባዶ ቀን ያለው ነገር ግን ባዶ አይደለም። እኔ የመብራት ሰው ነኝ። የመድረክ መብራት ማለቴ ነው፤ ፒያሳ ላይ መብራት ሲጠፋ የምትደውሉልኝ ወዳጆቼ ይህን ልብ በሉልኝ።

ባዶ ቀን ማለት ተመልካች የማይገባበት ቀን ነው። በቃ። ትኬት አይሸጥም፣ በር ላይ ሰልፍ የለም፣ ከውጭ ለሚያይ ቤቱ ተዘግቷል። ውስጥ ግን የሳምንቱ ከባድ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ያን ቀን ነው።

ምስክር የተጠራው ባሌት ነውና እሱን እንውሰድ። ዳንሰኞቹ ቅዳሜ ማታ እንዲደንሱ መጀመሪያ ወለሉ መዘጋጀት አለበት። ባሌት ሲሚንቶ ላይ አይደነስም። ከሥር አየር ያለው፣ ሲረግጡት ትንሽ ዝቅ የሚል የእንጨት ወለል ያስፈልጋል። በላዩ ላይ እግር የማያንሸራትት የፕላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፋል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ተዘርግቶ እስኪለሰልስ መጠበቅ አለበት፤ በብርድ ደግሞ ግትር ይላል። የደሴን ብርድ ለደሴ ሰው አልነግረውም። ከዚያ መጋጠሚያው በፕላስተር ይያያዛል። ጫፉ ትንሽ ቀና ካለ የአንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚት እዚያ ላይ ያልቃል።

ከወለሉ በኋላ መጋረጃውና ሥዕሉ ይሰቀላል። ቀጥሎ መብራት ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ካልተናገርኩ አያስችለኝም።

ተውኔት በአብዛኛው ከፊት ለፊት ይበራል፤ የተዋናዩ ፊት መታየት አለበት። ዳንስ ግን ዋናው ብርሃኑ ከጎን ነው። መድረኩ ግራና ቀኝ፣ በጎን መጋረጃዎቹ መካከል ምሰሶዎች ይቆማሉ። ከቅልጥም ከፍታ ጀምሮ ከራስ በላይ እስኪያልፍ ድረስ መብራት ይደረደርባቸዋል። የእግርና የክንድ ቅርጽ ጎልቶ የሚወጣው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው። እስክስታም ያው ነው። ትከሻን ከፊት ለፊት ብቻ ብታበራው ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጨፋሪው የደከመበት ሁሉ አይታይም። እያንዳንዱ መብራት ደግሞ በእጅ ይነጣጠራል። አንድ ሰው መሰላል ላይ፣ አንድ ሰው መድረክ ላይ፣ «ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ዝቅ፣ ቁም» እየተባለ። ይህ የሚሠራው ቤቱ ጨልሞ ነው። አለዚያ የትኛው ብርሃን የት እንዳረፈ አይታይም።

አናጢው ብርሃን ይፈልጋል። እኔ ጨለማ እፈልጋለሁ። ዳንሰኛው ሁለታችንም ከመድረኩ እንድንወርድለት ይፈልጋል። ሦስታችን በአንድ ሰዓት አንድ መድረክ ላይ መሥራት አንችልም። ቀኑ የሚያልቀው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ገና ዳንሰኞቹ መድረኩን በእግራቸው ይለኩታል፤ የት እንደሚቆሙ፣ በየት እንደሚወጡ ያያሉ። ከኦርኬስትራው ጋር ይለማመዳሉ። በመጨረሻ ልብስ ለብሰው፣ መብራቱም ሙዚቃውም በርቶ፣ ሙሉ ልምምድ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ በፕሮግራሙ ላይ «ባዶ» ተብሎ የተጻፈው ነው።

ሠርግ አስቡ። ወሎ ውስጥ ሠርግ የአንድ ቀን ነገር ነው የሚል ሰው ዳስ ተክሎ አያውቅም። ሙሽራው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ዳሱ ግን ሐሙስ ይተከላል። ዓርብ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ወንበር ከየጎረቤቱ ይሰበሰባል። ሰኞ ዳሱ ይነቀላል፣ ድስቱ ታጥቦ ለባለቤቱ ይመለሳል። አሁን አንድ መንገደኛ ዓርብ ከቀትር በኋላ በዚያ በኩል ቢያልፍ፣ ዳሱ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ የተቀመጠ ሰው ግን የለም። «ባዶ ነውና የእኔን ሠርግ ዛሬ ልደግስበት» ይላል? ቢል ሽንኩርት የሚከትፉት እናቶች ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ።

ምሳሌውን ትንሽ ልጎትተው። ዳስ መጋራት ይቻላል። እኛ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሠርግ ይታደማል፤ ምግቡ ለየብቻ ይሠራል፤ ዳሱ አንድ፣ ማዕዱ ሁለት። ግን ይህ የሚሆነው ደጋሹ ከመጀመሪያው ሁለት ጓዳ ስላሰበ ነው። ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ወጥ ሠሪ። በሠርጉ ዋዜማ ተነስቶ «እንጋራ» በማለት አይሆንም። ደግሞ ጥር አለ። ሁሉም ጥር ላይ ማግባት ይፈልጋል፤ ዳስ አከራዩ ሰኔ ላይ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ ጥርን አያቀልልህም። ባሌትም ጥር አለው፤ እሱም የፈረንጆቹ ዲሴምበር ነው። «ነትክራከር» የሚባለው ሥራ በገና ሰሞን ይወጣል። ለብዙ የአሜሪካ ቡድኖች የዓመቱ ትልቁ የትኬት ገቢ ከዚያ ነው። ስለዚህ ያን ወር ማንም አይለቅም። ዓመቱን ሙሉ ስንት ባዶ ቀን አለ ብሎ መቁጠር ዋጋ የለውም፤ ጥያቄው በየትኛው ወር ነው የሚለው ነው። ምሳሌዬ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው፦ ዳስ ነቅለህ ሌላ ሰፈር ትተክላለህ፤ ኦፔራ ቤት አይነቀልም።

ወደ ኒውዮርክ እንመለስ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሊንከን ሴንተር በሚባለው ግቢ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ቤቶች አሉ። አንደኛው በ1964 የተከፈተው፣ ዛሬ ዴቪድ ኮክ ቲያትር የሚባለው ነው፤ የኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ቤት ነው። ሌላው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ነው። አሜሪካን ባሌት ቲያትር የተባለው ሁለተኛው ቡድን እዚያ ግቢ ውስጥ የራሱ ቤት የለውም። ከ1977 ጀምሮ ኦፔራው የዓመት ሥራውን ሲጨርስ በኦፔራው ቤት ለተከታታይ ሳምንታት ይሠራል። እዚያም በአብዛኛው አንድ ረጅም ባሌት ለአንድ ሳምንት ነው የሚቆየው፤ «ስዋን ሌክ» ሳምንቱን ይይዛል፣ ከዚያ ሌላው ይገባል። ሰኞ ለአንዱ፣ ማክሰኞ ለሌላው የሚባል ነገር የለም።

እንዲያውም የኮክ ቲያትር ታሪክ ለጸሐፊው ክርክር ጥሩ መልስ ነው። ያን ቤት ሲቲ ባሌት ለብዙ ዓመታት ከኒውዮርክ ሲቲ ኦፔራ ጋር ይጋራው ነበር። ኦፔራው በ2011 ለቆ ወጣ። በ2013 አሜሪካን ባሌት ቲያትር በጥቅምት ገደማ ያለውን የዓመቱን አጭር ሥራውን ወደዚያ አመጣ። ለአዲሱ ቡድን ቦታ የተገኘው በሳምንቱ መካከል ባዶ ማክሰኞ ተፈልጎ አይደለም። ሙሉ ሳምንታት የያዘ ተጋሪ ስለወጣ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮም ያው ነው። በ1932 የተከፈተውን የዋር ሜሞሪያል ኦፔራ ቤት ኦፔራው፣ ባሌቱና ሲምፎኒው ሦስት ሆነው ይጠቀሙበት ነበር። በ1980 ለሲምፎኒው የራሱ አዳራሽ ተሠራለት። ለቀሪዎቹ ሁለቱ ያኔ ተነፈሰላቸው። ዛሬ ከመስከረም ጀምሮ ያለው ጊዜ በዋናነት የኦፔራው ነው፣ ገና ሰሞን ነትክራከር ይገባል፣ ከዚያ እስከ ሚያዝያና ግንቦት የባሌቱ ነው።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀን እያፈራረቁ የሚሠሩም አሉ፤ ይህን አልደብቅም። ለንደን ውስጥ ሮያል ባሌትና ሮያል ኦፔራ አንድ ቤት ናቸው። ዛሬ ኦፔራ፣ ነገ ባሌት ይሆናል። ግን እንዴት? ኦርኬስትራው አንድ ነው፣ አስተዳደሩ አንድ ነው። ቤቱ ታድሶ በ1999 ሲከፈት ደግሞ በመድረኩ ጎንና ጀርባ ሰፊ ቦታ ተሠርቶለታል። አንድ ሙሉ የመድረክ ግንባታ እንዳለ፣ ሳይፈርስ፣ በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ ተገፍቶ ወደ ጎን ይወጣል፤ ሌላው ይገባል። የእኛ አዳራሾች ጎናቸው ግድግዳ ነው። አንዳንዱ ጋ በቀኝ በኩል ለመውጣት መጀመሪያ ተመልካቹ መካከል ማለፍ አለብህ።

ይዘኸው የምትመጣው ነገርም ይወስነዋል። ሲቲ ባሌት በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ የተለያዩ አጫጭር ሥራዎችን ማሳየት የሚችለው አንዱ ምክንያት ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው የዳንስ ቀማሪው የባላንሺን ሥራዎች ስላሉት ነው። ብዙዎቹ ከኋላ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከፊት የልምምድ ልብስ የለበሱ ዳንሰኞች፣ ሌላ ምንም። የሚተከልም የሚነቀልም የለም። መብራቱም ለብዙ ሥራ እንዲሆን ተደርጎ አንዴ ይሰቀላል። የኪነት ቡድኖቻችን እዚህ ላይ ዕድለኞች ናቸው። መሶብ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ አንድ የተሳለ ጨርቅ። ሁለት ቡድኖች ተስማምተው አንድ የመብራት አሰቃቀል ቢቀበሉ በአንድ ሳምንት ሁለቱም መሥራት ይችላሉ። ግን «የእኔ አምባሰል ቀይ ነው፣ የእሱ ሰማያዊ» ከተባለ አለቀ፤ እኔ እንደገና መሰላል እወጣለሁ።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ተውኔት የራሱ ቀን አለው። የእሑዱ፣ የሐሙሱ እየተባለ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በዚያው ቀን ይታያል። ይህን ያየ ሰው መድረክ ሁሉ በቀን የሚከፋፈል ይመስለዋል። እዚያ የሚያስችለው ቲያትር ቤቱ ቋሚ የመድረክና የመብራት ሠራተኛ ስላለው፣ ዕቃውም እዚያው ስለሚያድር ነው። ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለሚገባ ቡድን ይህ አይሠራም። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ማውረድና መስቀል ስለ ርቀት አይጠይቅም። (በነገራችን ላይ፣ የጋለ አምፖል አውርዳችሁ ወዲያው መኪና ላይ አትጫኑ። ውስጡ ያለው ሽቦ ትኩስ ሆኖ ሲንገጫገጭ ይበጠሳል። ይቀዝቅዝ። ይህም ጊዜ ይፈልጋል።)

ሌላው የማይነገረው ነገር ቀን አያያዝ ነው። በትልልቆቹ ከተሞች ቀን የሚያዘው ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ለአንድ ቀን የመጀመሪያ ያዥ አለ፣ ሁለተኛ ያዥ አለ። ሁለተኛው ገንዘብ ይዞ ከመጣ ቤቱ የመጀመሪያውን ይጠራዋል፦ ወይ አሁን ፈርም፣ ወይ ልቀቅ። መልስ የሚጠበቀው በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ባዶ የሚመስለው ቀን ብዙ ጊዜ ሁለት ስም አለበት፤ ስላልተፈረመ ብቻ አልተጻፈም። እኛ ጋ «ይዤዋለሁ» ማለት ለጥበቃው መንገር ሊሆን ይችላል። ከዚያ በዋዜማው አንድ መሥሪያ ቤት አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል፤ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ መብራቱ ተነጣጥሮ፣ ወንበርና ባነር ከመድረኩ ላይ ይደረደራል። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ነው። እኛ ግን ወደ መጀመሪያው እንመለሳለን፤ የመብራት ምሰሶውን ለባነሩ ሲሉ ገፍተውታላ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አዳራሽ ስትጠይቅ «ማክሰኞን ስጡኝ» አትበል። «ከእሑድ ማታ እስከ ረቡዕ ጠዋት» በል። ትርኢቱ ማክሰኞ ይሆናል፤ ሰኞና ረቡዕ ጠዋትም ውሉ ላይ ይጻፉ። ውጭ አገር ብዙ ቤቶች የዝግጅት ቀንን ከትርኢት ቀን ባነሰ ዋጋ ያከራያሉ፤ ያን ቀን ትኬት አይሸጥምና። እኔ የማውቃቸው የእኛ አዳራሾች ግን ምንጣፍ ለሚነጠፍበት ቀንም የሠርግ ዋጋ ይጠይቃሉ። ክርክርህን እዚያ ላይ ብታደርገው እኔም አብሬህ እጮኻለሁ።